እርሾ የማይጨመርበት ቢራ

በቤልጅግ ዋና ከተማ በብራስልስና ከከተማዋ በስተምዕራብ በሚገኘው የፓዮተንላንድ ገጠር «ላምቢክ» የሚባል ቢራ ይጠመቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው ሰው «ይህስ ተበላሽቷል» ቢል አይፈረድበትም። ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው፤ አረፋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሽታውም እርጥብ ገለባን፣ አሮጌ ቆዳን፣ አንዳንዴም የፈረስ ኮርቻን ያስታውሳል። ታዲያ የቢራ ዐዋቂዎች ይህን መጠጥ ከምርጦቹ ተራ የሚያሰልፉት ስለምን ይሆን?

መልሱ ያለው በእርሾው ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ዴንማርካዊው ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ የቢራ እርሾ ለማግኘት በቃ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የዓለም ቢራ የሚጠመቀው ተመርጦ በተራባ እርሾ ነው። የላምቢክ ጠማቂዎች ግን አንዳች እርሾ አይጨምሩም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህል የገብስ ብቅልና አንድ ሦስተኛ ያህል ያልበቀለ ስንዴ ተጠንስሶ ጭማቂው ለብዙ ሰዓታት ይፈላል። የሚጨመርበት ሆፕ የተባለው ተክል ለዓመታት ተቀምጦ ምሬቱን ያጣ ነው፤ የተፈለገው ለጣዕሙ ሳይሆን አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ለመግታት ነውና። (በጠላችን ውስጥ ጌሾ ከምሬቱ ሌላ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጠላም ቢሆን ከቤተ ሙከራ የመጣ እርሾ አያውቅም።) ትኩሱ ጭማቂ ጣሪያ ሥር በተዘረጋ ሰፊና ጥልቀት በሌለው የመዳብ ገበታ ላይ ፈስሶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ያድራል። በአየሩና በቤቱ ውስጥ የሚገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን ያርፉበታል። በማግስቱ በእንጨት በርሜል ይገባል፤ በርሜሉም ራሱ የተሕዋስያን መኖሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ በበርሜሉ ውስጥ የሚካሄደው የሥነ ምህዳር ተማሪዎች «መተካካት» የሚሉት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢንቴሮባክቴሪያ የሚባሉት ይነግሣሉ። ቀጥሎ ሳካሮማይሲስ የተባለው የተለመደው የቢራ እርሾ ይበረታና ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ አልኮሉና አሲዱም የፊተኞቹን ያጠፋቸዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔዲዮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ ያመርታል፤ ኮምጣጣነቱ በአብዛኛው ከዚህ ነው። አንዳንዴ በዚህ ወቅት ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። የማያውቅ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር።

ጠማቂው ግን ብሬታኖማይሲስን ይጠብቃል። ይህን እርሾ እ.ኤ.አ. በ1904 በእንግሊዝ ቢራዎች ውስጥ ለይቶ ስሙን ያወጣለት የካርልስበርጉ ክላውሰን ነው። ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ይነሣና ሌላው እርሾ ሊበላው ያልቻለውን ውስብስብ ስኳር፣ ዝልግልጉንም ጭምር፣ ቀስ እያለ ይፈጫል። ያ የኮርቻ ሽታ የሚመጣው ይኸው እርሾ ከሚያመርተው 4-ኤቲልፌኖል ነው። በወይን ጠጅ ውስጥ ሲገኝ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ውሁድ መሆኑ ያስገርማል።

ዕድሜው የሚፈቅድለት ቀማሽ በንጹሕ ላምቢክ ባይጀምር ይሻለዋል። «ጉዝ» የተባለው የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ድብልቅ ነው፤ በወጣቱ ውስጥ የቀረው ስኳር በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ተብላልቶ ጋዝ ይፈጥራል፤ አሮጌው ደግሞ የሽታውን ጥልቀት ይሰጣል። በመለያው ላይ «ኦውደ»፣ ማለትም «አሮጌ»፣ የሚል ቃል መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ስኳር እየተጨመረባቸው የሚሸጡ አሉና። ከብራስልስ የካንቲዮን፣ ከቤርሰል የድሪ ፎንታይነን ጉዝ የሚመሰገኑ ናቸው። ኮምጣጣ ቼሪ የተዘፈዘፈበት «ክሪክ» ለጀማሪ ይቀላል። ሲቀመስ በጣም መቀዝቀዝ የለበትም፤ ቅዝቃዜ ሽታን ይደብቃል። አስቀድሞ ማሽተት፣ ከዚያ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማቆየት፣ በመጀመሪያው ጉንጭ ግን አለመፍረድ ነው።

ላምቢክ የሚጠመቀው ከመከር እስከ ጸደይ መግቢያ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ ነው። ሌሊቱ ከሞቀ ጭማቂው በጊዜ ስለማይቀዘቅዝ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች ይበዙበታልና። እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተው ካንቲዮን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ሌሊቶቹ ከልክ በላይ በመሞቃቸው ጠመቃውን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገድዶ ነበር። የአየር ንብረቱ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ለጠመቃ የሚመቹት ሌሊቶች ይቀንሳሉ። ጭማቂውን በማሽን ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ነገር ግን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የቀዘቀዘ ጭማቂ በሌሊቱ አየር ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን አያገኝም።