«ሞራ»ና «ግፊት»፦ ለሕመምተኛ ስለሚነገሩ የሕክምና ቃላት

ስለ ሙያ ቃላት አሰያየም በሚነሣበት ጊዜ በቅድሚያ የሚመጣው ጥያቄ «ለዚህ የውጭ ቃል በአማርኛ አቻው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሐኪም ለሕመምተኛ የሚናገረው ቃል ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ ይኸውም «ሰሚው ቃሉን ከሰማ በኋላ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሕመምተኛ በሚነገር ቃል ረገድ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው መቅደም እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከዓይን ሕክምና ነው። በቀበና አቅራቢያ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ እንደ መሆኑ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮችም ሆነ ከሩቅ ገጠር የመጣ ሕመምተኛ ይገናኝበታል። ጉዳዩም ቀላል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃኑን ያጣው በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል።

ሀ. ሞራ

ሞራ በቁሙ በከብት ሆድ ዕቃ ላይ እንደ መረብ የተዘረጋ ስስ ስብ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ለዓይን በሽታ ያዋለው ብሌኑ ነጥቶ፣ የተጋረደ መስሎ ስለሚታይ ሳይሆን አይቀርም። ስያሜው ሥር የሰደደና ለሁሉም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ብቻውን አይመጣም፤ ሥዕሉንም ይዞ ይመጣል። ሞራ ከላይ የተነጠፈ ነገር ነውና «ይገፈፋል»። በሕክምና ዕውቀት መሠረት ግን የታወከው በዓይን ላይ የበቀለ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከብሌን በስተኋላ ያለው፣ በትምህርት መጻሕፍት ምስሪት፣ በተለምዶ ሌንስ የሚባለው የዓይን ክፍል ነው። ሕክምናውም የደፈረሰውን ምስሪት አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። እንግዲህ መገፈፍን ብቻ ሲጠባበቅ የቆየ ሰው «ዓይንዎ ውስጥ ሌንስ እናስገባለን» ሲባል ቢደነግጥ፣ ከፈቃዱም ቢያፈገፍግ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ያሳሳተው የቃሉ ሥዕል ነው።

ለ. ግፊት

ግላኮማ የተባለው በሽታ ወደ ዓይን ብርሃን የሚያደርሰውን ሳይሆን ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያመላልሰውን ነርቭ የሚጎዳ ነው። ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለው ፈሳሽ ግፊት መጨመር ጋር ስለሚያያዝ «የዓይን ግፊት» ሲባል ይሰማል። ይህ ስያሜ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ግፊቱ ሳይጨምርም በሽታው ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ በተራው ሰው አነጋገር «ግፊት» ያለ ቅጽል ሲነገር የደም ግፊት ማለት ነው፤ በመሆኑም ክንዱ ላይ ተለክቶ «ደህና ነዎት» የተባለ ሕመምተኛ የዓይኑን ጠብታ ሊያቋርጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን በዓይን ላይ የሚደርስ የብርሃን መድከም ሁሉ «ሞራ» ተብሎ ሲጠቃለል ነው። ሞራ ሲባል «እስኪበስል ይቆይ» የሚለው ልማድ ይከተላል። በሞራ የደከመ ብርሃን በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይመለሳልና መጠበቁ ሰውየውን ቢያንገላታውም ተስፋውን አያጠፋበትም። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ስም የተጠሩት ሁለት በሽታዎች በውጤት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሐ. ማደንዘዣ

«ደነዘዘ» የሚለው ግሥ ለአካል ሲነገር ስሜት ማጣትን፣ ለሰው ሲነገር ደግሞ የአእምሮ መፍዘዝን ያመለክታል። አንድ አረጋዊ «ማደንዘዣ እንሰጥዎታለን» ሲባሉ ሁለተኛውን ፍቺ ቢያስቀድሙ የሚያስገርም አይሆንም። የሞራ ቀዶ ሕክምና በአዋቂዎች ላይ በአብዛኛው የሚከናወነው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ ስለሆነ፣ «ዓይንዎ ብቻ ሕመም እንዳይሰማው ይደረጋል፤ እርስዎ አይተኙም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ፍርሃቱን ያቀልለታል።

ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ሐሳቦችን ማውጣት ይቻላል።

1. ሕዝብ ያወቀውን ቃል በአዲስ ስያሜ መተካት አያስፈልግም፤ የሚያሳስተውን ሥዕል በአጭር ፍቺ ማረም ግን የግድ ነው። ለምሳሌ፦ «እናቴ፣ ሞራ የምንለው ከላይ የተጋረደ ነገር አይደለም። ዓይንዎ ውስጥ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ክፍል ነበረ፤ እርሱ ደፍርሷል። እርሱን አውጥተን በምትኩ ሌላ እናስገባለን»።

2. የታወቀው ቃል ከሌላ በሽታ ጋር የሚያምታታ ከሆነ ውሰት ቃሉ ይመረጣል። «ግላኮማ» ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ከደም ግፊት ጋር አይምታታም፤ እንግዳነቱም ሕመምተኛው «ምን ማለት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያነሣሣዋል። መልሱም፦ «ከደም ግፊት የተለየ ነው። ጠብታው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስምና አያቋርጡት» ሊሆን ይችላል።

3. ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው የተነገረውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገር ቢጠየቅ ቃሉ መድረስ አለመድረሱ ወዲያው ይታወቃል። «ገባዎት?» ለሚለው ጥያቄ ግን በአክብሮትም ይሁን በይሉኝታ «አዎን» ማለት የተለመደ ስለሆነ መልሱ ማስረጃ አይሆንም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ለአንድ የሕክምና ጽንሰ ሐሳብ አቻ ካገኙ በኋላ ሥራቸው ያበቃ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚነገረው ዐረፍተ ነገር ካልታከለበት ስያሜው ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ወደፊት በሚዘጋጁ የሕክምና ቃላት ስብስቦች ውስጥ ከእያንዳንዱ ስያሜ ጎን ለሕመምተኛ የሚነገር አጭር ፍቺ እንዲጻፍ፣ ፍቺውም ከመታተሙ በፊት በሕመምተኞች ዘንድ ተነግሮ እንዲፈተን ሐሳብ እናቀርባለን።