«ግንብ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



«ካስል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትርጉም መጻሕፍትና በተማሪዎች ደብተር ላይ አንድ ጊዜ «ግንብ»፥ አንድ ጊዜ «ቤተ መንግሥት»፥ ሌላ ጊዜም «ምሽግ» እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣውን ዓምድ ባላጣበብሁ ነበር። ነገር ግን ቃልን ያለ ቦታው ማዋል ጉዳት እንዳለው ስለማምን ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

«ካስል» የመጣው «ካስቴሉም» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም አነስተኛ ምሽግ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት የሚኖሩበትም ጠላት የሚከላከሉበትም ያው አንድ የድንጋይ ሕንፃ ስለ ነበረ አንድ ቃል በቃቸው። በእኛ አገር ግን ነገሩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ቃሉም ልዩ ልዩ ሆነ። ቤተ መንግሥት የሚባለው በነዋሪው ነው፤ ጣራው የሣር ክዳን ቢሆንም ንጉሥ ከኖረበት ቤተ መንግሥት ነው። ምሽግ የሚባለው በአገልግሎቱ፥ አምባ የሚባለው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። ግንብ ግን የሚባለው በአሠራሩ፥ ይኸውም ድንጋይ በኖራ ወይም በሌላ ማያያዣ ተያይዞ በመሠራቱ ነው። የሠሪውም ስም ግንበኛ መባሉ ለዚህ ምስክር ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. የሞቱበት መቅደላ አምባ እንጂ ግንብ አይደለም፤ ምሽግነቱን የሰጠው ገደሉ ነውና። በአንጻሩ ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. በቆረቆሩት በጎንደር 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር ውስጥ የፋሲል፥ የኢያሱ፥ የበካፋና የምንትዋብ ግንቦች ይገኛሉ። ጠቅላላው ስፍራ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን «ፋሲል ግቢ» ተብሎ ነው። ግቢው ሌላ፥ ግንቡ ሌላ መሆኑን ባላገሩ አስቀድሞ ለይቶታል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ለቋንቋ ብቻ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎንደር ግንቦች ሲታደሱ ሲሚንቶና ቤቶን ገብቶባቸው ነበር። ሲሚንቶ እንደ ኖራ እርጥበት ስለማያስተነፍስና ከአሮጌው ድንጋይ ይልቅ ስለሚደርቅ ሕንፃውን ይጎዳል። ስለዚህ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ። ሕንፃውን የነገሥታት መኖሪያ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ኖራውን ይዘነጋል፤ ግንብ መሆኑን ያሰበ ግን በምን እንደ ተያያዘ መጠየቁ አይቀርም።

በዝዋይ (ባቱ) በኩል ያለፈ መንገደኛ ደግሞ በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «ካስቴል» የሚል ስም አንብቦ «ይህም ግንብ ማለት ነውን?» ይል ይሆናል። ይህ የፈረንሳዊው ነጋዴ የፒየር ካስቴል የቤተ ሰብ ስም ነው፤ የሰው ስም ደግሞ አይተረጐምም። እንግሊዞች «በአየር ላይ ካስል መሥራት» የሚሉትንም ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ «የሕልም እንጀራ» ብንለው ሁሉም ይረዳዋል።

ወደ ከተማችን ወደ ዱከም ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በ2007 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ መሬቱ ለፋብሪካ እየዋለ መሄዱ ይታወቃል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ለቤት የሚከፈለው ካሣ ቤቱን እንደ ገና ለመሥራት በሚበቃ ወጪ እንዲታሰብ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደንግጓል። እንግዲህ በመዝገብ ላይ «ግንብ ቤት» ወይም «ጭቃ ቤት» ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ የሰውን ንብረት በብዕሩ ይዟል ማለት ነው። ፊቱ በብሎኬት ተሠርቶ ጎኑና ጀርባው ጭቃ የሆነ ቤት ብዙ ነው። ይህን በጅምላ «ግንብ» ማለት መንግሥትን፥ በጅምላ «ጭቃ» ማለትም ባለቤቱን ይጎዳል። እያንዳንዱ ግድግዳ በምን እንደ ተሠራ ለይቶ ቢጻፍ ግን ክርክሩ ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህ ተርጓሚው «ካስል» የሚለውን ሲያገኝ በመጀመሪያ የተነገረው ስለ ነዋሪው፥ ስለ አገልግሎቱ፥ ስለ ቦታው ወይስ ስለ አሠራሩ እንደ ሆነ ይመርምር። የመዝገብ ሠራተኛውም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቤቱን ዞሮ ይይ። አባቶቻችን ቃሉን ለይተው አስረክበውናል፤ የእኛ ድርሻ ሳንቀላቅል መጠቀም ነው።

አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከዱከም