15ቱ ዓመት የት ገባ?

ታናሽ እህቴ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፏን እየሠራች ሳለ፣ አንድ ማታ እራት እንደተነሳ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ግራፍ እየው» አለችኝ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. ከ1975 ተነስቶ እስከ 2024 ሽቅብ ይወጣል። የዓለም ባንክ የሕዝብ ቁጥር ዳታ ግን የሚጀምረው ከ1960 ነው። «ከ1975 በፊት ያለውስ?» ብላት «የለም፤ የሰጠኝ ይህንኑ ነው» አለች። ኤረር አልወጣም፣ ማስጠንቀቂያም አልታየም። 15 ዓመት ድምፁን ሳያሰማ ቀርቷል።

ዳታውን ያመጣችው በአር ነው። አር ለስታቲስቲክስ ሥራ የተፈጠረ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ የጀመሩትም ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ኒውዚላንድ በሚገኘው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓለም ባንክ በበኩሉ ዳታውን በኤፒአይ ያድላል። ኤፒአይ ለሰው ዓይን ሳይሆን ለፕሮግራም የተከፈተ መስኮት ነው፤ መልሱ ያለ ሥዕልና ያለ ቀለም፣ ጥሬውን ይመጣል። ጥያቄው የሚቀርበው በአድራሻው ነው። መጀመሪያ የአገሩ መለያ ይገባል፤ ለእኛ ኢ፣ ቲ፣ ኤች የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። ቀጥሎ የሚፈለገው አመልካች መለያ ይከተላል፤ የሕዝብ ቁጥር ከሆነ ኤስፒ.ፖፕ.ቶትል ይባላል። መጨረሻ ላይ መልሱ በጄሰን ቅርጸት እንዲሆን ይጠየቃል፤ ካልተጠየቀ በኤክስኤምኤል ይመጣል። ምዝገባ የለው፣ የይለፍ ቁልፍ የለው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ጥሬውን መልስ ከፍተን አየነው። ሁለት ክፍል አለው። ዳታው ያለው ሁለተኛው ውስጥ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዘሎ ወደዚያ ይሄዳል፤ እህቴም እንደዚያው አድርጋለች። የመጀመሪያው ክፍል ግን እንዲህ ይላል፦ ገጽ 1፣ ጠቅላላ ገጾች 2፣ በአንድ ገጽ 50፣ ጠቅላላ 65። ሰርቨሩ ሌላ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 50 መስመር ነው፤ የሚጀምረውም ከቅርቡ ዓመት ነው። የጎደሉት 15 ዓመታት ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጠው ጠያቂ ይጠብቁ ነበር።

በአር ትንሽ ፓኬጅ መጻፍ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሱቅ ስንልክ መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን እንነግረዋለን፦ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ስኳሩን ከፊት ካላየው ባለሱቁን ከጓዳ አውጣልኝ እንዲለው፣ መልሱን እንዲቆጥር። ከለመደ በኋላ «ስኳር» ማለት ይበቃል። ፓኬጁም የሰርቨሩን ጠባይ አንዴ ተምሮ የሚይዝልን ተላላኪ ነው። ያለ እሱ ያንኑ ጠባይ እያንዳንዱ ተማሪ በየግራፉ እንደገና ይማራል፤ ወይም እንደ እህቴ ሳያውቀው ያልፋል።

ፓኬጅ ሲባል ያስፈራል እንጂ አንድ ፎልደር ነው። ዲስክሪፕሽን የተባለው ፋይል ስሙን፣ የጸሐፊውን ማንነትና የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ይይዛል፤ ፈንክሽኖቹ አር በሚባል ንዑስ ፎልደር ይቀመጣሉ። ይህን አጽም ዩዝዚስ የተባለው ፓኬጅ በአንድ ትእዛዝ ያቆመዋል። ማታውን የበላብን ዳታውን የሚያመጣው ፈንክሽን ነበር።

ከውጭ ሲታይ ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ብቻ ይቀበላል፦ አገርና አመልካች። ከውስጥ ኤችቲቲአር 2 የተባለው ፓኬጅ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ ይገነባል፤ «ላክ» እስኪባል ድረስም ምንም ነገር ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ገጾቹን በተመለከተ እህቴ «በአንድ ገጽ 1,000 ስጠኝ ብለው አያልቅም?» አለች። ለአንድ አገር ያልቃል። ነገ ከ200 በላይ አገሮችን አንድ ላይ ስትጠይቅ ግን ከ13,000 መስመር ያልፋል፣ ያው ጉድጓድ ይመለሳል። ስለዚህ ፈንክሽኑ መጀመሪያ የገጾቹን ብዛት ያነባል፣ ከዚያ በሎፕ አንድ በአንድ ይሰበስባል።

ሁለተኛው ጉድጓድ ይበልጥ ያናድዳል። ሰርቨር ሁሉ ከመልሱ ጋር ቁጥር ይልካል፤ 200 ከሆነ ደህና ነው፣ 404 ከሆነ የተጠየቀው አልተገኘም። ኤችቲቲአር 2 ከ400 ጀምሮ ያለውን ራሱ ኤረር ያደርገዋል። የዓለም ባንክ ግን የአገሩ መለያ ሲሳሳት 200 ብሎ፣ በዳታው ፈንታ «ያስገባኸው ዋጋ ልክ አይደለም» የሚል መልእክት ይልካል። ስለዚህ ቁጥሩን ማመን አይበቃም፤ ፈንክሽኑ መልሱን ከፍቶ ያ መልእክት እንዳለ ያያል፤ ካለ ሥራውን አቁሞ የትኛው መለያ እንደተሳሳተ በግልጽ ይናገራል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ባዶ ዓመት ነው። የአዋቂዎችን ማንበብና መጻፍ የሚያሳየው አመልካች ለኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ብቻ ቁጥር አለው፤ የቀረው ባዶ ነው። በጄሰን «ነል» ተብሎ የተጻፈው ባዶ አር ውስጥ ሲገባ ርዝመቱ ዜሮ ይሆናል። ዝርዝሩን ወደ አንድ ረድፍ ስናጠብቀው ባዶዎቹ ይወድቁና የቀሩት ቁጥሮች ተጠጋግተው የሌላ ዓመት ቦታ ይይዛሉ። የ2007 ቁጥር 2019 ላይ ተቀምጦ ቢገኝ በዓይን ማን ይለየዋል? ስለዚህ እያንዳንዱን ባዶ አስቀድሞ አር «የጠፋ ዋጋ» ወደሚለው ኤንኤ መለወጥ ግድ ነው።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ጨመርን። ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ፈንክሽኑ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሞክራል፤ አንዴ የመጣውንም ዳታ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ቁልፍ የሚጠይቅ ኤፒአይ ቢሆን ኖሮ አንድ ጥብቅ ነገር እጨምር ነበር፦ ቁልፉ ኮዱ ውስጥ በፍጹም አይጻፍም። አር ሲነሳ ከሚያነበው፣ ከራስ ኮምፒውተር ከማይወጣ ፋይል ይጠራል። ኮድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቁልፉ አብሮት ከዞረ የባለቤቱ መሆኑ ቀረ።

ለዓለም ባንክ ዳታ ደብልዩዲአይ የተባለ የቆየ ፓኬጅ አለ፤ ለጥናቷ እሱን መጠቀም ትችል ነበር። ይህችን ትንሿን ጽፋ ጉድጓዶቹን በእጇ መንካቷ ግን ደስ አሰኝቶኛል።

የመጨረሻው ሥራ የእርዳታ ገጹ ነበር። ከፈንክሽኑ በላይ በማስታወሻ መልክ የተጻፈውን ሮክሲጅን 2 የተባለው ፓኬጅ ወደ ገጽ ይለውጠዋል። እህቴ አገርና አመልካች ምን እንደሆኑ ካስረዳች በኋላ ትንሽ አሰበችና ሳልነግራት አንድ መስመር ጨመረች፦ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች ግምት ናቸው። ከዚያ ግራፉን እንደገና አወጣችው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ይጀምራል።