የሥዕል ተማሪ ቀኑን በምን ያሳልፋል?

በደብተሩ ዳርና ዳር ሥዕል የሚሥል ተማሪ የሌለበት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። መምህሩ ሲያየው «ትምህርትህን ተከታተል» ይለዋል፤ ወላጁም «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ሲል ይመክረዋል። ሁለቱም ይህን የሚሉት ለልጁ በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕልን እንደ ሙያ የሚማር ሰው ቀኑን በምን ሥራ እንደሚያሳልፍ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ሥዕል ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ ብቻ ስለሚመስለን ያለው ይሥላል፣ የሌለው ይተዋል ብለን እናልፈዋለን። ስጦታ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ሥዕል ከሁሉ አስቀድሞ አስተውሎ የማየት ትምህርት መሆኑን፣ ይህም በልምምድ የሚገኝ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአገራችን የታወቀው የሥዕል ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በአዲስ አበባ የተከፈተው ነው። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ሥነ ጥበብ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ካስተማሩት መካከል ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ይገኛሉ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሆን በመሥራቹ ስም ይጠራል።

የእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪ የመጀመሪያው ሥራ ንድፍ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማሰሮ ወይም አንድ ወንበር ከፊቱ ይደረግለታል፤ እርሱም በእርሳስ ወይም በከሰል ያንኑ ይነድፋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እጁ ሳይታዘዝለት ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ የሚያየውን ትቶ የሚያውቀውን ስለሚሥል ጭምር ነው። ለምሳሌ ፊት ሣል የተባለ ልጅ ዓይኖችን ወደ ላይ ወደ ግንባር አስጠግቶ ያስቀምጣቸዋል። በእውነቱ ግን ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። ተማሪው ይህን የሚያርመው በመለካት ነው። ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ እርሳሱን ያቆማል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሰውየውን ጭንቅላት ርዝመት በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቱ መካከል ይይዛል። ከዚያም ይህ ልክ በመላው ቁመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቆጥራል። ቆሞ የሚታይ የጎልማሳ ሰው ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ሆኖ ይገኛል። ይህ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው የንጽጽር ሒሳብ እንጂ ሌላ አይደለም።

ከንድፍ ቀጥሎ የቀለም ሥራ ይመጣል። ተማሪው ሸራውን በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጥራል፤ ቀለም ከመቀባቱም በፊት ሙጫ የገባበት ነጭ መደብ ያለብሰዋል። መደቡ ከሌለ ጨርቁ የቀለሙን ዘይት ይመጠዋል፤ በጊዜ ብዛትም ዘይቱ ጨርቁን ይበላዋል። እንግዲህ አንድ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሰዓት በአናጢነትና በልስን ሥራ ያልፋል ማለት ነው።

በሕትመት ክፍልም ሥራው ከዚህ አይቀልም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሐንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የእንጨት ሕትመት አስተምሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በጣውላ ላይ ንድፉ ይሠራል፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ሥፍራ በመሮ ይፈለፈላል። ሳይነካ በቀረው ገጽ ላይ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። የሚታተመው ግን እንደ መስተዋት ተገልብጦ ነው። ስለዚህ «ሀገር» የሚለውን ቃል ማተም የሚፈልግ ተማሪ ፊደሎቹን ገልብጦ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መቅረጽ ይኖርበታል። አንዴ የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ ተመልሶ ስለማይሞላ አስቀድሞ ማሰብ ግዴታ ነው።

ከክፍል ሲወጣም ሥራው አይቋረጥም። ትንሽ የንድፍ ደብተር ይዞ በአውቶቡስ መጠበቂያ፣ በገበያና በቡና ቤት የሚያየውን በጥቂት መሥመር ይመዘግባል። ሸክም ያነሣ ሰው ጀርባው እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ነጠላ በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ የሚማረው ከዚያ ነው።

በዛሬው ጊዜ ተማሪው ሌላም መስኮት አለው፤ ይኸውም የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ነው። ቀድሞ በጥቂት መጻሕፍት ብቻ ይታዩ የነበሩ የዓለም ሥዕሎች አሁን በመዳፍ ውስጥ ናቸው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ስልኩ መጠንን ይደብቃል። የሊዮናርዶ ዳቪንቺ ሞናሊዛ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የፒካሶ ጌርኒካ ግን ወርዱ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ነው። በስልኩ ላይ ሁለቱም ከመዳፍ አያልፉም። ሁለተኛ፣ የስልኩ ቀለም ብርሃን ነው። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲገናኙ ቢጫ ይሆናሉ፤ ቀይና አረንጓዴ የሥዕል ቀለም ሲደባለቁ ግን ደብዛዛ ቡናማ ነገር ይወጣቸዋል። በስልክ ያየውን እንዳለ መቅዳት የሚፈልግ ተማሪ የሚቸገረው በዚህም ምክንያት ነው። እንግዲህ ስልኩ እንደ ቤተ መጻሕፍት ያገልግል እንጂ በዓይን የማየትን ቦታ አይውሰድ እንላለን።

ወደ መምህራን ስንመለስ የክቡር የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ያስተማሯቸው መምህራን ግን የሥዕል ዝንባሌያቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ ኋላም ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለቀለም የመስተዋት ሥራ የእርሳቸው ነው። አስተውሎ ያየ መምህር ባይኖር ኖሮ ይህ ሥራ ይኖር እንደ ነበር ለመናገር ያዳግታል።

በደብተሩ ዳር የሚሥል ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል አንልም። በትምህርት ሰዓት ትምህርቱን መከታተልም ይገባዋል። ነገር ግን ዝንባሌውን ከመንቀፍ ይልቅ ሥራ ብንሰጠው ይሻላል። የባዮሎጂ መምህር አንድ ቅጠል ከነሥሩ፣ ከነጅማቱ አይቶ እንዲነድፍ ሊያዘው ይችላል፤ የጂኦግራፊ መምህር የአካባቢውን ኮረብታ፣ የፊዚክስ መምህር የጥላን አወዳደቅ ሊያሠራው ይችላል። ለዚህ እርሳስ፣ ወረቀትና የምድጃ ከሰል ይበቃል። ተማሪውም ለራሱ አንድ ደብተር ለይቶ በየቀኑ አንድ ነገር፣ ከፊቱ ያለውን፣ ይንደፍ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ሲያስተያይ ትምህርቱ የት እንዳደረሰው ራሱ ይፈርዳል፤ መምህሩና ወላጁም የሚመክሩት ያን ጊዜ ሥራውን አይተው ይሆናል።