የሠዓሊ እጅ የነካው አሻንጉሊት ዋጋው ከምን ይመነጫል?

አሻንጉሊት ለሕፃናት መጫወቻ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ዐዋቂዎች እንደ ሥዕልና እንደ ቅርጻ ቅርጽ በመደርደሪያ ላይ ለማኖር የሚሰበስቡት ሌላ ዓይነት አሻንጉሊት በውጭ አገር ገበያ ተስፋፍቷል። የተሠራበት ፕላስቲክ ጥቂት ገንዘብ የሚያወጣ ሆኖ ሳለ በመቶና በሺሕ ዶላር ስለሚሸጥ፣ ዋጋው ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

ለዚህ ንግድ መንገድ ከከፈቱት አንዱ የሆንግ ኮንጉ ሠዓሊ ማይክል ላው ሲሆን፣ «ጋርድነር» ያላቸውን አሻንጉሊቶች በ1999 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሠዓሊ ካውስ «ኮምፓኒየን» የተባለውን ከቶኪዮው ባውንቲ ሀንተር ጋር ሆኖ 500 ብቻ አወጣ። በ2001 የጃፓኑ ሜዲኮም ቶይ ድብ የሚመስለውን «ቤርብሪክ» አቀረበ። በ2002 በአሜሪካ የተቋቋመው ኪድሮቦት ደግሞ «ማኒ» የተባለ ምንም ሥዕል የሌለበት አሻንጉሊት ለገበያ አወጣ፤ ይኸውም ሠዓሊ ሁሉ እንደ ወደደ እንዲሠራበት የታሰበ ነው።

በግሉ የሚሠራ ሠዓሊ እንዲህ ያለውን ባዶ አሻንጉሊት ገዝቶ በመጀመሪያ ያጥበዋል፤ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ቀንድ ወይም ክንፍ መጨመር ቢፈልግ በአየር የሚደርቅ ጭቃ መሰል ማጣበቂያ ይለጥፍበታል፤ ከዚያም ቀለም ቀብቶ በቫርኒሽ ይሸፍነዋል። ቀለሙ ካልተመረጠ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ቪኒልን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ወደ ላይ እየወጣ አንዳንዱን በግፊት የሚረጭ ቀለም ሳይደርቅ እንዲቀርና እጅ ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠዓሊዎች በውሃ የሚቀጠነውን አክሪሊክ ይመርጣሉ።

ቁጥሩ የሚያንሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቪኒል በብረት ፎርማ ስለሚሠራና ፎርማውም ውድ ስለሆነ፣ አቅም የሌለው ሠዓሊ በሲሊኮን ፎርማ ሬዚን ያፈሳል። የሲሊኮን ፎርማ ደግሞ ጥቂት ደርዘን ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይቀደዳል፤ ቅርጹንም ያበላሻል። ከዚህ በላይ ሠዓሊው «ከዚህ ቁጥር አላልፍም» ብሎ ለገዢው ቃል ይገባል። ሰብሳቢው ከዕቃው ጋር ይህን ቃል ጭምር ይገዛል፤ ቃሉ የፈረሰ ዕለት ዋጋውም አብሮ ይፈርሳል።

የዕቃ መብዛት ዋጋን እንዴት እንደሚያወርድ በ2025 ታይቷል። ካሲንግ ላንግ የተባለው ሠዓሊ በ2015 የፈጠረውን «ላቡቡ»ን የቻይናው ፖፕ ማርት ከ2019 ጀምሮ በብዛት ይሸጠዋል። በሰኔ 2025 ሰው የሚያህል አንድ ላቡቡ ቤይጂንግ ውስጥ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን አወጣ። በዚያው ወር ግን ድርጅቱ ተራውን ዓይነት በብዛት ስላቀረበ፣ ለትርፍ አከማችተው የነበሩት ሰዎች የሚጠይቁት ዋጋ ወዲያው ዝቅ አለ። አስመስለው የተሠሩትም ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ የሠዓሊውን ፊርማ፣ የተሠራውን ብዛት የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ዋናውን ሣጥንና ደረሰኙን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ሠዓሊ ስለቀባው ብቻ በጉምሩክ እንደ ሥዕል ይቆጠራል ብሎም አይገምት፤ በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥዕል የሚገባበት ቁጥር 97.01 በእጅ የተቀባ የፋብሪካ ዕቃን አያካትትም፤ የአሻንጉሊት መደብ 95.03 ነው። ዕቃው ከደረሰም በኋላ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘውና ነጩን ስለሚያወይበው ከመስኮት ማራቅ ያሻል።

ለመሸጥ ሲባል ብቻ የሚከማች አሻንጉሊት፣ ገዢው እስኪገኝ ድረስ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው። ወዶት የገዛው ሰው ግን ዋጋው ቢወርድ እንኳ ዕቃው በእጁ ይቀርለታል።