ለአሮጌ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ መምረጥ፦ የዓባይ በረሃ መንገድ እንደ መመዘኛ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በዋናው መንገድ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩንም ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። በእያንዳንዱ ወገን ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። በሁለቱም ወገን ያለው መንገድ በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ አማካይ ተዳፋትነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ዛሬም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች እህል፣ ድንችና ሸቀጥ ጭነው ሲመላለሱ ይታያሉ።

እነዚህ ተሽከርካሪዎች ከአገልግሎት ያልወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን የኤክሳይስ ታክስ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለውን አድሶ መያዝ ለብዙዎች ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። ከሚነሡት የእድሳት ጥያቄዎች አንዱ በእጅ የሚቀየረውን ካምቢዮ በአውቶማቲክ መተካት ይቻል እንደሆነ ነው። ጥያቄው የምቾት ብቻ አይደለም። የግራ ጉልበቱ ለታመመ ወይም የግራ እግሩ በአደጋ ለተጎዳ አሽከርካሪ ፍሪሲዮን መርገጥ አለመቻል ማለት ከሥራ መውጣት ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት እድሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው መመዘኛ መጠን ነው፤ ካምቢዮው ከሻንሲው መካከል ይገባል ወይ፣ የወለሉን ቆርቆሮ መቁረጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን በጎጃም ደጋ መጠን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መመዘኛ መሆን እንደሌለበት ነው። ካምቢዮው አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው ቁልቁለትን በማርሽ ለመያዝ ባለው ችሎታ፣ በከፍታ የተዳከመ ሞተርን ለማንቀሳቀስ ባለው ተስማሚነትና ያለ ኮምፒዩተር ለመሥራት በመቻሉ ነው።

የስሌቱ መነሻ

ለማነጻጸር ያህል የኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ፣ ከነጭነቱ 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው ፒክአፕ ተወስዷል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.1፣ የጎማው ራዲየስ 0.34 ሜትር፣ የሞተሩ ከፍተኛ ቶርክ በባሕር ወለል 165 ኒውተን ሜትር ነው። ውጤቶቹ በመንገድ ላይ የተለኩ ሳይሆኑ የተሰሉ ናቸው፤ ዓላማቸውም የአማራጮቹን አንጻራዊ ልዩነት ማሳየት ነው። የካምቢዮዎቹ ምጣኔ በሠንጠረዥ 1 ቀርቧል።

ሠንጠረዥ 1፦ የማርሽ ምጣኔ

| ካምቢዮ | 1ኛ | 2ኛ | 3ኛ | 4ኛ | 5ኛ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቶዮታ ጂ52 (በእጅ የሚቀየር) | 3.93 | 2.14 | 1.40 | 1.00 | 0.85 |
| ኤ43ዲ (አውቶማቲክ) | 2.45 | 1.45 | 1.00 | 0.69 | የለም |
| ኤ340ኢ (አውቶማቲክ) | 2.80 | 1.53 | 1.00 | 0.71 | የለም |
| ፓወርግላይድ (አውቶማቲክ) | 1.82 | 1.00 | የለም | የለም | የለም |

ከእነዚህ መካከል የሸቭሮሌቱ ፓወርግላይድ በአጭርነቱና በቀላልነቱ ምክንያት በአሜሪካ አሮጌ መኪና በሚያድሱ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁለት ማርሽ ብቻ አለው። መጠን ብቻ ቢታይ ተመራጭ የሚሆነው ይህ ካምቢዮ ለዓባይ በረሃ መንገድ የማይመጥን መሆኑ ከታች በሚቀርበው ስሌት ይታያል።

ከፍታ በሞተሩና በቶርክ ኮንቨርተሩ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ የአየሩም ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ቶርኩ ወደ 129 ኒውተን ሜትር ዝቅ ይላል ተብሎ ሊገመት ይችላል።

አውቶማቲክ ካምቢዮን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚቀበለው ቶርክ ከሞተሩ ፍጥነት ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ቶርኩ በ22 በመቶ ሲቀንስ፣ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ የሚደርስበት ፍጥነት በ12 በመቶ ያህል ይወርዳል። በባሕር ወለል 2,000 ዙር በደቂቃ ይደርስ የነበረው ሞተር በደብረ ማርቆስ በ1,770 ዙር አካባቢ ይታፈናል። ከፍ ባለ ዙር ጉልበት ለሚሰጥ የቤንዚን ሞተር የተዘጋጀ ኮንቨርተር ከናፍጣ ሞተር ጋር ሲገጠም ሁለቱ ከመነሻውም ላይስማሙ ይችላሉ፤ ከፍታው ሲጨመርበት መኪናው በአቀበት መነሣት ይከብደዋል። መፍትሔው ካምቢዮውን ከነኮንቨርተሩ ከተመሳሳይ የሞተር ቤተሰብ መውሰድ ነው። ይህም ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቤት የብሎን ቀዳዳዎች እንዲገጥሙ ያደርጋል።

አቀበቱ

መኪናው ከቆመበት ሲነሣ አውቶማቲኩ አያንስም። ኮንቨርተሩ ቶርክን ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚያበዛ የኤ43ዲ አንደኛ ማርሽ በመነሻው ቅጽበት ከ4.9 ምጣኔ ጋር የሚስተካከል ጉልበት ይሰጣል፤ በእጅ የሚቀየረው ግን 3.93 ነው። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው።

በ7 በመቶ አቀበት ላይ የመሬት ስበትና የጎማ መንከባለል ተቃውሞ በድምሩ 1,835 ኒውተን ይሆናሉ። ኤ43ዲ በሁለተኛ ማርሽ ይህን ለመግፋት ከሞተሩ 116 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ ካለው 129 አንጻር ትርፉ ጥቂት ነው። አቀበቱ ወደ 9 በመቶ ሲከብድ ግን 144 ኒውተን ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሞተሩም ይህን አይሰጥም። ኤ340ኢም በሁለተኛ ማርሽ 136 ስለሚፈልግ ከዚሁ ችግር አያመልጥም። በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ በሁለተኛ ማርሹ 98 ኒውተን ሜትር ብቻ ይበቃዋል፤ ሞተሩ በ2,400 ዙር ሲሠራ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የኤ43ዲ አሽከርካሪ ወደ አንደኛ ወርዶ በ30 ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ አለዚያ በሁለተኛ ሆኖ ኮንቨርተሩን ማንሸራተት ግድ ይሆንበታል።

የኮንቨርተሩ መንሸራተት ሙቀት ይወልዳል። ሞተሩ 32 ኪሎ ዋት እየሰጠ ኮንቨርተሩ 20 በመቶውን ቢያባክን ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ወደ ካምቢዮው ዘይት ይገባል። ስስ አየር ራዲያተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። ከዚህም በላይ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ከሆነ የቀረው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ የካምቢዮውን ዘይት በሞተሩ ራዲያተር ብቻ ማቀዝቀዝ አይበቃም፤ ራሱን የቻለ የዘይት ማቀዝቀዣ ከፊት ለፊት መገጠም አለበት።

ቁልቁለቱ

የሰው ሕይወት የሚያዘው በቁልቁለቱ ነው። 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ 30 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይለቅቃል። ይህ ከ11 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይበቃል። የዚህ ኃይል ከፊሉ በጎማ መንከባለል ያልቃል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ የፍሬን ሸራው መሸከም አለበት።

በ7 በመቶ ቁልቁለት ፍጥነቱ ሳይጨምር በ30 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 1,190 ኒውተን የሚጠጋ መያዣ ኃይል ያስፈልጋል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሽከረከር 40 ኒውተን ሜትር ይቋቋማል ብለን ብንወስድ ኤ43ዲ በአንደኛ ማርሽ 1,180 ኒውተን ያህል፣ በሁለተኛ 700 ያህል ይይዛል። ኤ340ኢ በአንደኛ 1,350፣ በእጅ የሚቀየረው በሁለተኛ 1,030 ገደማ ይይዛሉ። ፓወርግላይድ ባለው ዝቅተኛ ማርሽ ከ880 አያልፍም፤ የጎደለውን ፍሬኑ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለማቋረጥ መሸከም ይኖርበታል።

ከቁጥሩ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ማርሹ የሚመረጥበት ቦታ ነው። ኤ43ዲ በመደበኛው የጉዞ ቦታ ላይ እያለ በዝቅተኛ ማርሾች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዙ ክላቾችን ስለሚጠቀም መኪናው ሞተሩን ሲገፋ ክላቹ ይለቅቃል፤ ሞተሩም አይይዝም። በማርሽ መያዝ የሚገኘው አሽከርካሪው ማንሻውን በእጁ ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ሲያወርድ ብቻ ነው። ይህንንም ከአፋፉ ሳይወርድ፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር ማድረግ አለበት። ለዓመታት በፍሪሲዮን የነዳ ሰው «አውቶማቲክ ራሱ ያውቃል» ብሎ ማንሻውን ባለበት ትቶ ቢወርድ ፍሬኑ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ሊግል ይችላል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እርጥበት የሳበ ከሆነ ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

መቆጣጠሪያውና መለዋወጫው

በአገራችን በብዛት የሚገኙት አውቶማቲክ ካምቢዮዎች እንደ ቪትዝና ኮሮላ ካሉ በፊት ጎማቸው ከሚነዱ አውቶሞቢሎች የወጡ ናቸው። አነስተኛና ርካሽ ቢሆኑም ሞተሩ በቁመት ለተቀመጠበት ፒክአፕ አይሆኑም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ይህን ነው።

ኤ43ዲ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነው፤ ከአራተኛው ማርሽ መቆጣጠሪያ በቀር ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በአንድ የነዳጅ ገመድ ሲሆን ገመዱ በናፍጣ ፓምፑ ማንሻ ላይ በትክክል መታሰር አለበት። በጣም ከላላ የዘይት ግፊቱ አንሶ ክላቾቹ ይቃጠላሉ። ከቤንዚን መኪና የወጣ ከሆነም የማርሽ መቀየሪያ ፍጥነቱ ለናፍጣ ሞተር ከፍ ስለሚል ገቨርነሩ መስተካከል ይኖርበታል።

ኤ340ኢ በጥንካሬና በምጣኔ ይበልጣል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር፣ የፍጥነትና የነዳጅ መስጫ ሴንሰሮች ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ቢቋረጥ በ«2» ቦታ የሚሰጠው ሦስተኛ ማርሽ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ የነበረ መኪና በድንገት ወደ ሦስተኛ ሊያልፍበት ይችላል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው በብዙ እጅ በተነካካ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ይህ ቀላል ስጋት አይደለም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ተገፍቶ እንደማይነሣም መዘንጋት የለበትም። በደጋው ቀዝቃዛ ጠዋት ደካማ ባትሪ ይዞ በመገፋት የሚነሣ ፒክአፕ ከለውጡ በፊት ባትሪውና ማስነሻ ሞተሩ መታደስ አለባቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ እግሩ ጤነኛ ለሆነ አሽከርካሪ ለዚህ መንገድ የተሻለው ምርጫ በእጅ የሚቀየረውን ካምቢዮና ፍሪሲዮኑን ማደስ ነው፤ የማርሾቹ ቁጥርና አከፋፈል ለአቀበቱም ለቁልቁለቱም ይመቻል። ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ለማይችል ሰው ተመጣጣኙ አማራጭ ከተመሳሳይ የሞተር ቤተሰብ ከነኮንቨርተሩ የተወሰደ ኤ43ዲ ሲሆን የተለየ የዘይት ማቀዝቀዣ ሊገጠምለት ይገባል። ሦስተኛ፣ የካምቢዮውን የምጣኔ ጉድለት ዲፈረንሻሉን በመቀየር ማካካስ ይቻላል። ከ4.1 ወደ 4.56 ቢለወጥ የኤ43ዲ አንደኛ ማርሽ የመያዣ ኃይል ወደ 1,315 ኒውተን ከፍ ይላል፤ በሜዳ ላይ የሚታጣውን ፍጥነት አራተኛው ማርሽ በአብዛኛው ይመልሰዋል። አራተኛ፣ ሥራው ካምቢዮው በተገጠመ ዕለት አያልቅም። አሽከርካሪው ጭነት ይዞ ወደ ዓባይ ከመውረዱ በፊት በአጭር ቁልቁለት ላይ ማንሻውን አስቀድሞ ማውረድ መለማመድ አለበት።

የካምቢዮው ርዝመትና ስፋት የሚለካው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካርዳን ማሳጠርም ሆነ የካምቢዮ ማረፊያ መበየድ በደብረ ማርቆስ ጋራዦች ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። በማርሽ የማይያዝ ካምቢዮን ግን ከአፋፉ ከወረዱ በኋላ የሚያርም ጋራዥ የለም።