ባክቴሪያም በቫይረስ ይታመማል! ታዲያ ራሱን እንዴት ይከላከላል?

«ዶክተር፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ አንቲባዮቲክ ይዘዙልኝ» የሚሉኝ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ጉንፋን የሚመጣው ግን በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ደግሞ በባክቴሪያ ላይ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። እንዲያውም ባክቴሪያን ራሱን ቫይረስ ያጠቃዋል!

እነዚህ ቫይረሶች ፋጅ ይባላሉ። ፋጅ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና የራሱን ዲኤንኤ ወደ ውስጥ ያስገባል። እዚያው ይባዛል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል። ባክቴሪያው ግን ዝም ብሎ እጁን አይሰጥም።

1. በሩን ይዘጋል፦ ፋጁ የሚለጠፍበትን ቦታ ይቀይራል ወይም ያጠፋል።

2. ባዕዱን ይለያል፦ በራሱ ዲኤንኤ ላይ ኬሚካላዊ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሌለው ዲኤንኤ ከገባ ኢንዛይሞቹ ይቆራርጡታል።

3. ያስታውሳል፦ ይሄኛው ክሪስፐር ይባላል። ባክቴሪያው ከቫይረሱ ዲኤንኤ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ዲኤንኤ ውስጥ ያስቀምጣል። ያው ቫይረስ ሲመለስ ከቁራጩ ጋር አመሳክሮ ይቆርጠዋል። ክትባት በሉት! የእኛ ልጆች ግን የራሳቸውን ክትባት መውሰድ አለባቸው፤ ባክቴሪያው ግን ትዝታውን ለዘሩ ያወርሳል። ይህ በሙከራ የተረጋገጠው በ2007 እ.ኤ.አ. እርጎ ለመሥራት በሚያገለግል ባክቴሪያ ላይ ነው።

4. ራሱን ይሰዋል፦ ሌላው ሁሉ ካልሠራ፣ ቫይረሱ ሳይባዛ ባክቴሪያው ራሱን ይገድላል። ጎረቤቶቹ ይተርፋሉ።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?

አንደኛ፣ ተመራማሪዎች ክሪስፐርን ዘረመል መቁረጫ መሣሪያ አደረጉት። ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ እና ጄኒፈር ዳውድና በዚህ ሥራ የ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በዚህ ዘዴ የሚሰጥ የሲክል ሴል ሕክምና በእንግሊዝና በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን በፋጅ ማከም ይቻላል። ነገር ግን ባክቴሪያው ከላይ ባየናቸው መንገዶች ፋጁንም ይመክታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ የሚስማማውን ፋጅ መርጦ ማግኘት፣ ብዙ ጊዜም የተለያዩ ፋጆችን ቀላቅሎ መስጠት ያስፈልጋል። እንደ አንቲባዮቲክ ከየፋርማሲው የሚገዛ ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው አደራ የምላችሁ፦ በእጃችን ያለውን አንቲባዮቲክ እንጠብቀው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውሰዱ፤ ከሌላ ሰው የተረፈ አትዋጡ፤ የታዘዘላችሁን በታዘዘው መሠረት ውሰዱ። ባክቴሪያ ቫይረስን ሲመክት የኖረ ፍጥረት ነው፤ እኛ በከንቱ ያባከንነውን መድኃኒት መልመድ አያቅተውም።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ለወዳጆቻችሁም አጋሩ። መልካም ጤና!